ሦስተኛዋ «ደህና»

በዓለም ላይ እንደ «ደህና» የሚዋሽ ቃል የለም!

ቆይ፣ አትቆጡኝ… ኃጢአትም እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ የንስሐ አባቴን ጠይቄያለሁ። «አባ፣ ወገቤን እየቆረጠመኝ፣ ጣሪያዬ እያፈሰሰ፣ የቀረችኝን ዶሮ ሸለምጥማጥ በልቶብኝ፣ ‹እንዴት ነሽ?› ሲሉኝ ‹ደህና ነኝ› ብል ያስኮንነኛል?»

አባ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ስንተኛው ጥያቄ ላይ ነው እንዲያ ያልሽው?»

«መጀመሪያው ላይ ነው አባ።»

«እሱማ ምን ኃጢአት አለው!» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

አያችሁ፣ በእኛ በመንዝ አገር ሰላምታ እንደ ፈትል ነው፤ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ከጎተታችሁት ይበጠሳል። የመጀመሪያዋ «ደህና» የእግዚአብሔር ናት፤ ተመስገን ለማለት ያህል። ሁለተኛዋ ለጠላት ናት፤ ሰምቶ እንዳይስቅ። ሦስተኛዋ ላይ ነው ሰው ትንፋሹን ሳብ አድርጎ «ደህና… ብቻ…» የሚለው። እውነት የምትኖረው ከ«ብቻ» ወዲያ ነው።

አንድ ቀን ከቀየት ገበያ ስመለስ ጎረቤቴን መንገድ ላይ አገኘሁት።

«እንደምን ዋልክ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ቤት? ልጆች?»

«ደህና ናቸው፣ ይመስገነው።»

«ከብቱስ?»

«ደህና… ብቻ በሬው ገደል ገባ።»

«እግዚኦ!»

«ብቻ እሱን ላወጣ ስወርድ እኔም እግሬ ተሰበረ።»

ዝቅ ብዬ ባይ፣ ለካ ሰውየው በሁለት ዱላ ተደግፎ ነው ያን ሁሉ «ደህና» የሚለኝ! አሁን እኔ ከመጀመሪያዋ «ደህና» በኋላ «በል ደህና ዋል» ብዬው ብሄድ ኖሮ፣ እግሩ ተሰብሮ የቆመ ሰው ጥዬ መሄዴ አልነበረም?

ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ ከጀርባዬ ቆማ «እማማ፣ ወደ ነገሩ ግቢ እንጂ!» ትለኛለች። ተማሪ ቤት የገቡ ሰዎች ችኮላቸው ይገርመኛል። እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከጎልማሳ ጋር በአንድ ደበሎ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ያኔም ከ«ሀ» እስከ «ለ» ለመድረስ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። እሺ፣ ልግባ።

ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ የባና ማኅበር አለን። ባና ስላችሁ ያ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው፤ የመንዝን ውርጭ የሚረታ እሱ ብቻ ነው። ሴቶች በየቤታቸው ይፈትላሉ፣ ሸማኔዎች ይሠራሉ፣ አንዲት እግረኛ ደግሞ ጠጉሩን ለፈታዮች ታደርሳለች፣ ፈትሉን ትሰበስባለች። እግረኛዋ እኔ ነኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም። ቀየት ሄዳለች ሲሉ ራቤል፣ ራቤል ናት ሲሉ ከአንዱ ክርስትና ቤት ነው የምገኘው።

ጠዋት ጠዋት ማኅበሩ ቤት ስንገናኝ ሰላምታችን ሲያልቅ ፀሐይ አጥሩን ተሻግራ ትጠብቀናለች። ግን ሥራው ያለው እዚያው ሰላምታው ውስጥ ነበር! «እጅሽ እንዴት ነው?» «ደህና፣ ብቻ አበጠ» ስትል፣ ሸማኔው ደምሴ የእሷ ፈትል እንደሚዘገይ ያውቅና ሌላ ማግ ይፈልጋል። «በጎቹስ?» «ደህና፣ ብቻ ገና አልተሸለቱም» ስትል፣ እኔ ዱላዬን አነሳና ወደ ሌላ መንደር አቀናለሁ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ሥራው ግን ይሄዳል።

ኋላ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። መላኩ ይባላል። እግዜር ይወቀው፣ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ትሁት ነው፣ አረጋዊ ሲያይ ይነሳል። ብቻ… (አያችሁ? እኔም ሦስተኛው ላይ ደረስኩ!) ብቻ ስልጠና ይወዳል። ዘመኑም ስልጠና እንደ ሐምሌ ዝናብ የሚወርድበት ዘመን ነበር። ግምገማ፣ ለውጥ፣ አንድ ለአምስት… መላኩ ደብረ ብርሃን ሄዶ ሰንብቶ ሲመለስ ስብሰባ ጠራን።

«የሰዓት አጠቃቀማችን ችግር አለበት» አለ። «ችግሩ የት እንዳለ አጥንቻለሁ። ሰላምታ ላይ ነው!»

ደብተሩን ገለጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታ አንድ ጊዜ ብቻ! ‹ደህና ናችሁ?› እላለሁ፣ ‹ደህና› ትላላችሁ፣ ወደ ሥራ!»

ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሽበቱ ከሚሸምነው ጠጉር የማይለይ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። «አቶ መላኩ፣ ልጆችንስ?»

«ልጆች በ‹ደህና ናችሁ› ውስጥ ተካተዋል።»

«ከብቱስ?»

«እሱም ተካቷል።»

«አዝመራውስ? ቡቃያው?»

«ሁሉም ተካቷል አልኩ እኮ!»

በጭብጨባ ጸደቀ። እውነቱን ልንገራችሁ? ያጨበጨብነው እጃችን በርዶት ነው።

ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ ቤት ጸጥ አለ፤ የመወርወሪያው ቋቋታ ብቻ ነው የሚሰማው። መላኩ ጠዋት ይገባል፣ «ደህና ናችሁ?» ይላል፣ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» እንላለን፣ እሱ ደስ ብሎት ይወጣል። ሁሉ ነገር ደህና የሆነበት ማኅበር ከመንዝ እስከ ግሼ የሱ ብቻ ነበር! ፈታይዋ አስካለ ስትጠፋበት «አስካለስ?» አለ። «ደህና ናት!» አልነው። መውለዷን ያወቀው ለክርስትናው ድግስ ሲጠራ ነው። «ነፍሰ ጡር ነበረች እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። እውነት ነው፣ አይነቅዝም። ግን ምን እንደሚያበላሽ አሁን ታያላችሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ወይዘሮ ከአዲስ አበባ ባና አዘዘች። የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት ነው፤ ቀለም ያልነካው፣ እንደ ደመና የነጣ ባና ብቻ ነው የምፈልገው አለች። ነጭ ጠጉር ለማግኘት የዞርኩትን ዙረት ጉልበቴ ይናገር! ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የከተማው ጽሕፈት ቤት «ማኅበሩ ገበያ ካላገኘ ቤቱን ለብሎኬት አምራቾች እንሰጠዋለን» ብሎናል። ወይዘሮዋ ወደደችው ማለት ቤታችን ቆመ ማለት ነው፤ ጠላችው ማለት ደግሞ እነዚያ ሁሉ ፈታዮች እንዝርታቸውን ይሰቅላሉ፣ እኔም ዱላዬን እሰቅላለሁ ማለት ነው። ዱላዬን ሰቅዬ ደግሞ የት ልቀመጥ?

ባናው አለቀ። ታጠበ፣ ተረገጠ፣ ደረቀ፣ ታጥፎ መጋዘን ገባ። ወይዘሮዋ በምትመጣበት ዋዜማ እኔ ከራቤል በአይሱዙ መጣሁ። ብቻዬን አልነበርኩም። የክርስትና ልጄ «እማማ፣ ለእግርሽ ድካም መታሰቢያ» ብላ በግ ሰጥታኛለች፤ ሆዷ እስከ መሬት የወረደ፣ ልትወልድ የደረሰች በግ። ስንደርስ በረዶ ያወርደው ጀመር። ቤቴ ሩቅ ነው። እስኪነጋ ብዬ ማኅበሩ ግቢ፣ ከመጋዘኑ ጣሪያ ክፈፍ ሥር አሰርኳትና እኔ አስካለ ቤት አደርኩ።

ጠዋት ግቢው በር ላይ ደምሴ ቆሟል።

«እትዬ የሺ፣ ይምጡ እስኪ!»

«እንደምን አደሩ» እንኳ ሳይለኝ! ያኔ ነው መርዶ መሆኑ የገባኝ።

መጋዘኑ በር ገርበብ ብሏል። በጊቱ ገመዷን በጥሳ ገብታለች። ከነጩ ባና ክምር ላይ ወጥታ፣ አልጋ እንደተነጠፈላት እመቤት ጋደም ብላለች። አጠገቧ ሁለት ግልገሎች… እንደ ጥላሸት የጠቆሩ! በእሷ ነጭነት የሚወለደው ጥቁር መሆኑስ! ከሥራቸው ያለውን ባና አልነግራችሁም። አራስ ቤት ገብታችሁ ታውቁ የለ?

«በጊቱ የማን ናት?» አለኝ ደምሴ፣ እያወቀ።

«የመጋዘኑ በር ለምን አልተዘጋም?» አልኩት፣ እኔም ነገር ለማዞር።

«መቀርቀሪያው ከተሰበረ ከረመ እኮ!»

«ታዲያ ለመላኩ አትነግረውም ነበር?»

«መቼ ጠየቀኝ? ‹መጋዘኑ ደህና ነው?› አለኝ፤ ‹ደህና ነው› አልኩት፤ ሄደ።»

«ሁለተኛ አልጠየቀህም?»

«ኧረ የት አግኝቼው!»

ሁለታችንም በጊቱን አየናት። እሷም አየችን። ምንም ያጠፋች አትመስልም።

«እርስዎ ይንገሩት እትዬ፤ እርስዎን ያከብራል።»

«አንተ ንገረው፤ ከሽመናው ሌላ የመጋዘኑም ኃላፊ ነህ።»

«በጊቱ የእርስዎ ናት።»

ዱላዬን አነሳሁ።

እንግዲህ «ሂጂና በቀጥታ ንገሪው፣ ምን ያስፈራሻል?» ትሉኝ ይሆናል። ልጆቼ፣ ፍርሃት አይደለም፤ ነውር ነው! በእኛ አገር መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ዙሪያ ጥምጥም ተዙሮ ነው የሚነገረው። ገና በጠዋቱ ደጅ ላይ ቆሜ «መላኩ፣ በጌ ባናህ ላይ ወልዳለች» ብዬ አፉ ላይ ልወርውርበት? ሰው ነኝ እኮ!

ግቢውን ሲያስጠርግ አገኘሁት።

«እንደምን አደርክ ልጄ?»

«ደህና እማማ! ሁሉ ነገር ደህና?»

ምላሴ፣ የገዛ ምላሴ፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች።

«ጎበዝ!» ብሎኝ ሄደ። ተከተልኩት። አጥሩ ጋ ደረስኩበት።

«ልጄ፣ እንደምን…»

«እማማ፣ ተባብለናል እኮ!» አለና ሰዓቱን አየ።

ተባብለናል! «ብቻ» ጉሮሮዬ ላይ፣ ድልድይ መሐል እንደቆመች አህያ ቆመች፤ ወደፊትም አትሄድ፣ ወደኋላም አትመለስ። ዞር ስል ደምሴ በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ያየኛል። በአገጩ «ነገሩት?» ይለኛል። በራሴ «አልሰማኝም» እለዋለሁ። በዚህ መሐል መኪና መጣ።

ባናውን ያዘዘችው ወይዘሮ አልማዝ ወረደች። ወፈር ያለች፣ ካፖርት የደረበች፣ ቅልጥፍ ያለች ሴት። መላኩ እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደህና መጡ፣ ባናው ዝግጁ ነው፣ በዚህ በኩል…» ብሎ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ!  ምን እንደማደርግ ሳላውቅ መንገድ ላይ ተገተርኩ።

«እንደምን ነሽ እመቤቴ?» አልኳት።

ሴትዮዋ ቆመች። ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ ጎንበስ አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ እርስዎ እንደምን ነዎት?»

አጎነባበሷ የከተማ አይደለም! «አገርሽ ወዴት ነው?»

«መርሐቤቴ ነው ያደግኩት።»

ተመስገን! የአገሬን ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ላከልኝ።

«ደህና ነን፣ ይመስገነው። መንገድ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር። ልጆች ደህና? የልጅ ልጆች?»

መላኩ ሰዓቱን ያያል። «ወይዘሮ አልማዝ፣ ጊዜዎን እንዳንሻማ…»

«ቆየኝ ልጄ፣ ሰላም እየተባባልን ነው» አለችው። ከንፈሩን ነከሰ። «ታዲያ እማማ፣ ቤቱ፣ ከብቱ፣ ሁሉ ደህና ነው?»

ሦስተኛዋ ደረሰች! ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

«ደህና… ብቻ…»

«ብቻ ምን?»

«ብቻ በጌ ወለደች።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«አሜን፣ ማርያም ታክብርልኝ። ብቻ…»

«ብቻ ምን?»

«ብቻ የወለደችው ያንቺ ባና ላይ ነው።»

መላኩ ቀስ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በታች የሚቀመጥበት ቢኖር ኖሮ እዚያ ይቀመጥ ነበር።

ወይዘሮዋ መጋዘን ገብታ አየች። ከላይ ያለውን በሁለት ጣቷ ገልጣ አየች። በጊቱን አየች። ደምሴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከጭቃው ጋር አንድ ሆኗል። ጣቷን በካፖርቷ ጠረገችና፣ «ባለፈው ሌላ ቦታ ባና ስገዛ ‹ደህና ነው› ብለው ሸጡልኝ» አለች። «ቤቴ ወስጄ ስፈታው፣ ብል በልቶት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ‹ብቻ› ብሎ የነገረኝ ሰው ዛሬ አገኘሁ። እንግዲህ ዛሬ ዘመድ ጋ አድራለሁ። ነገ ስመለስ ነጭ ሆኖ ከጠበቀኝ እወስደዋለሁ፤ ሌላም አዝዛለሁ። ካልነጣ ግን እማማን ሰላም ብዬ በባዶዬ እሄዳለሁ።»

ለበጊቱ ሌላ ማደሪያ ፈለግንላት። አራስ ናትና በክብር አወጣናት። ከዚያ ውኃ ጣድን።

ባና ሲታጠብ በሙቅ ውኃ እየተነከረ፣ ገበታ የመሰለ ድንጋይ ላይ በእግር ይረገጣል። ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በዜማ ነው የሚረግጡት፤ ዜማው ካልገጠመ እግር እግርን ይመታል። የሚረግጥ ሰው አነሰን። መላኩ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ምስኪን፣ እግሩ እንደ ችግኝ ቀጭን ነው! ደምሴ ትከሻውን ያዘውና ዜማውን አወጣ፤

«እንዴት ነው ባናው?»

«ደህና ነው!» አልን ሁላችንም።

«እንዴት ነው እግሩ?»

«ደህና ነው!»

መላኩም እያለከለከ «ደህና ነው!» ይላል። እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። እየረገጡ መሮጥ የለም፣ እየረገጡ ሰዓት ማየት የለም። ጥቂት እንደቆየን መላኩ ቀስ ብሎ፣ «ደምሴ፣ እንደምን ነህ?» አለው።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ረገጡ፣ ረገጡ።

«ቤትስ? ልጆችስ?»

ደምሴ ዞር ብሎ አየው። «ደህና ናቸው፣ ይመስገነው።»

ረገጡ።

«ሥራውስ? እንዴት ነው?»

«ደህና…» አለ ደምሴ። ትንፋሹን ሳበ። እኛም ሳብን። «ብቻ የመጋዘኑ መቀርቀሪያ ተሰብሯል።»

«እሱን አሁን አወቅኩ።»

«ብቻ የትልቁ ሸማ መሥሪያ እግር ተሰንጥቋል። ብቻ ጣሪያው በምሥራቅ በኩል ያፈስሳል። ብቻ ከሰል ቤቱ ውስጥ ንብ ሰፍሯል። ብቻ ጥበቃው ሥራ ከለቀቀ ከረመ…»

«ጥበቃው ለቋል?» መላኩ ቆመ። እሱ ሲቆም የሁላችንም እግር ተጋጨ። «ታዲያ ሌሊት ሌሊት ማን ነው የሚጠብቀው?»

«ማንም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?!»

«መቼ ጠየቁን?»

«በየቀኑ ‹ደህና ናችሁ?› እላለሁ!»

«እሱማ አንድ ጊዜ ነው!» አለ ደምሴ። በቁጣ አይደለም፤ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ነው ያለው። መላኩ ሳቀ፤ ሲስቅ አንሸራተተውና ከነልብሱ ሙቁ ውኃ ላይ ተዘረጋ። እኔ ደግሞ እጁን ይዤ ላነሳው ስል…

እሺ፣ እሱን ልተወው። ሁለታችንም ደርቀን እስክንጨርስ እሳት ዳር ተቀምጠን አንድ የድሮ ባና ተከናንበን ዋልን። የልጆቼን፣ የልጅ ልጆቼን፣ የወገቤን ነገር ሁሉ ጠየቀኝ። እኔም እናቱን፣ እህቶቹን ጠየቅኩት። «ደህና ናቸው» አለ፤ ሦስተኛው ላይ «ብቻ እናቴ ትናፍቀኛለች» አለ። ያን ያህል ጊዜ አብረን ስንሠራ እናቱ እንደምትናፍቀው አላውቅም ነበር! ለካ እኛም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠየቅነው።

ወይዘሮ አልማዝ በማግሥቱ መጣች። እንደ እግዜር ፈቃድ ሌሊቱን ነፋስ፣ ጠዋቱን ፀሐይ ሆኖ ባናው ነጥቶ ጠበቃት። አንዲቷ ብቻ፣ ግልገሎቹ የተኙባት፣ ጥላ የመሰለ ነገር አልለቅ አላት። ያቺን መላኩ ከወንበሩ ላይ አንጥፏታል። ሌላውን ወሰደች፤ ሌላም አዘዘች። ብሎኬት አምራቾቹ ሌላ ቤት ፈለጉ።

ታዲያ መላኩ ተማረ? ተማረ! ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ጠራን።

«ስህተቴን አርሜያለሁ» አለ። «እውነቱ ያለው ‹ብቻ› ላይ መሆኑን ተረድቻለሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ‹ደህና›ዎቹን ዘልለን በቀጥታ ከ‹ብቻ› እንጀምራለን! ሰዓትም ይቆጠባል!»

አጨበጨብን። ብርድ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን እያፋተገ «እሺ፣ ‹ብቻ›ስ እንዴት ናት?» አለን።

ተያየን። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ድምፅ፣

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን!»

እናንተስ አንባቢዎቼ፣ እንደምን ናችሁ? ደህና? ይመስገን። ቤቱ፣ ልጆቹ፣ የምትሠሩበት ቦታ፣ አለቃችሁ፣ ባልደረባችሁ… ደህና? ሦስተኛ ጊዜ የጠየቃችሁት ሰው አለ?

እኔማ ደህና ነኝ። በጊቱም ደህና ናት። የመጋዘኑ በርም ደህና ነው… ብቻ መቀርቀሪያው ዛሬም አልተሠራም። ብቻ በጊቱ እንደገና ሆዷ ገፍቷል። ብቻ ይህን ስጽፍላችሁ ገመዷን ባየው፣ የለችም።